ካመመዎት ይተዉት

«ሪሊ አለችኝ» አሉ እማማ ሮማነወርቅ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገና ሳይቀመጡ። «ያቺ ቴራፒስት ፊቴ ቆማ ሪሊ አለችኝ። ሪሊ ማለት እውነትሽን ነው ወይ ማለት እንደሆነ የማላውቅ መስሏት።»

ኖላዊት አያቷን በብብታቸው ደግፋ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ሾፌሩ ምርኩዙን ሲያይ እንደ ልማዱ አውቶቡሱን ወደ ጎን ዝቅ አድርጎላቸው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እማማ «ይኸው፣ መኪናው እንኳ ይንበረከክልኛል፤ የልጅ ልጄ ግን ጫማዬን እንድታስርልኝ ትለመናለች» ብለው ይቀልዳሉ። ዛሬ ቀልድ የለም።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ ያለችኝን አደረግሁ። አንድ ቀን አላጎደልኩም። ዛሬ ከወንበር አስነሥታ አስቀምጣ፣ አስነሥታ አስቀምጣ ስትቆጥር ቆየችና፣ ያንን ወረቀት አየት አድርጋ፣ ሪሊ። ፊደል ባልቆጥር ያልሠራሁትን ሠራሁ የምል ሴት ነኝ?»

«እንደዛ ለማለት አይደለም እማማ። ዝም ብላ ነው የጠየቀችው።»

«ዝም ያለ ሰው አይጠይቅም።»

ኖላዊት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሬይነር ጎዳና በዝናብ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ቦርሳዋ ውስጥ፣ በመጽሐፎቿ መሀል፣ ያ የእንቅስቃሴ መመዝገቢያ ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስድስት ሳምንት፣ በየቀኑ ሁለት ሳጥን፣ በየሳጥኑ የራይት ምልክት፤ ሁሉም በእሷ እጅ የተሞላ። የእማማ ጉልበት ለምን እንዳልተሻለው ሲያትል ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። እሷ ደግሞ ዝናብ እያየች ነው።

ነገሩ የተበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው።

እማማ ሮማነወርቅ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ቀኝ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወርዱ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል፤ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ የራሳቸው አይመስልም። ሐኪሙ ፎቶ አስነሥቶ፣ በሁለቱ አጥንቶች መሀል ያለው ለስላሳ ነገር እየሳሳ መሄዱን አሳያቸውና ፊዚዮቴራፒ ላካቸው። የተመደበችላቸው ሊን የምትባል ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ገና ሲገቡ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ላምጣልዎት ወይ ብላ ጠየቀች፤ ነፃ ነው፣ የልጅ ልጅዎን ባናደክማት ጥሩ ነው አለች።

እማማ እጃቸውን አወናጨፉ። በስልክ የሚያወራው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? እሁድ በቅዳሴ ከጀርባቸው የሚቆመው ሰውዬ ቢሆንስ? ሮማነወርቅ ጉልበቷ አልቋል ተብሎ በየማኅበሩ ሊወራ ነው? ገመናን ለባዳ ከመስጠት ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች የልጅ ልጅ እያለች፣ አሉ። ሊን በግድ አልልም ብላ ወረቀት አስፈረመቻቸውና ኖላዊት አስተርጓሚ ሆነች።

በዚያ ቀን ደግሞ በትምህርት ቤቷ የእግር ኳስ ቡድን ምርጫ ነበር። ስልኳ ኪሷ ውስጥ በየደቂቃው ይርገበገባል። ጓደኛዋ ናርዶስ ናት፦ «የት ነሽ?»፣ «ኮቿ ስም እየጠራች ነው»፣ «ኖሊ!!» ሊን ጠረጴዛ ላይ የነበረ የላስቲክ ጉልበት አንሥታ፣ እያጠፈችና እየዘረጋች፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳታቋርጥ ተናገረች።

ያለችው ይህ ነበር። ሲሠሩት ያምማል፤ ሕመም ሁሉ ግን ጉዳት አይደለም። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ብንቆጥር እስከ አራት ድረስ ያለው ችግር የለውም፣ ይቀጥሉ። በማግስቱ ከረገበ ልክ ሄደናል ማለት ነው። ካልረገበ የምንሠራውን ብዛት እንቀንሳለን እንጂ አንተውም። ጉልበቱን የሚሸከምለት የጭኑ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ካልሠራ ይደክማል፣ ያኔ ሸክሙ ሁሉ አጥንቱ ላይ ይወድቃል። ፈርተው እንዳያቆሙ፣ ዋናው ነገር ይኸ ነው፣ አለች ሊን፤ ጣቷን አንሥታ።

እማማ ወደ ኖላዊት ዞሩ። «ምን አለች?»

ኖላዊት ሁሉንም ሰምታለች። ግማሹን በአማርኛ ምን እንደምትለው አላወቀችም፤ ለሌላው ግማሽ ጊዜ አልነበራትም።

«እነዚህን እንቅስቃሴዎች በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ይሥሩ አለች። ካመመዎት ይተዉት።»

«ይህን ሁሉ አውርታ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

አምስት ደቂቃ የተነገረ ነገር በሁለት ትንፋሽ አለቀ። ሊን ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ምን ታውቃለች። ኖላዊት እማማን ለእናቷ አስረክባ እየሮጠች ሄደች፣ ደረሰች፣ ቡድኑ ውስጥም ገባች። ማልያዋ ቁጥር አሥራ አንድ ነው።

እማማ ሮማነወርቅ ደግሞ ትእዛዝ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። የሐኪም ቃል የማይሰማ ሰው ሐኪም ቤት ለምን ይሄዳል ባይ ናቸው። በየጠዋቱ አልጋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ፎጣ ጠቅልለው ከጉልበታቸው ሥር ያደርጉና ጭናቸውን ያጠብቃሉ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ያምማቸዋል። «በቃ፣ ካመመሽ ተይ ተብያለሁ» ብለው ፎጣውን አጣጥፈው ያስቀምጣሉ። ማታም እንደዚያው። አንድ ቀን ሳያጎድሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ብቻ።

ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር። እማማ አያነቡትም፤ «የሠራሁትን አንቺ ጻፊልኝ» ብለው ለኖላዊት ሰጥተዋታል። ኖላዊትም ረቡዕ ረቡዕ ማታ፣ በአንድ እጇ ስልክ እንደያዘች፣ የሳምንቱን ሳጥኖች በሙሉ ራይት ራይት ታደርጋቸዋለች። አሥር አሥር።

በሦስተኛው ሳምንት ላይ አየቻቸው። ቁርስ ልትበላ ስታልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እማማ ሁለቴ ሠርተው ሲያቆሙ ተመለከተች። ያኔ ገባት። ልትናገርም አፏን ከፍታ ነበር። ግን ምን ብላ ትጀምር? የዛሬ ሦስት ሳምንት ያልኩዎት ልክ አልነበረም ልትል ነው? ለሚቀጥለው ቀጠሮ አለች። ቀጠሮው ሲደርስ ሊን ሕመሙ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች፤ እማማ «ተመስገን ነው» አሉ፤ እንኳን ለሕመም ለቀብርም ተመስገን ማለት ልማዳቸው ነው። ኖላዊትም ይህን እያወቀች «ጥሩ ነው ትላለች» ብላ አለፈችው። ውሸት እንደ እርሾ ነው፤ ክዳኑን ገጥመው ሲተዉት ኩፍ ይላል እንጂ አይጠፋም።

ከቤታቸው ሁለት ብሎክ ዳገቱን ወጣ ብሎ የአረጋውያን ሕንፃ አለ። እትዬ የሺ የሚኖሩት እዚያ ነበር። ግማሽ ጎናቸው ከከዳቸው ወዲህ እማማ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እየሄዱ ፀጉራቸውን ያበጥሩላቸዋል፣ ሾርባ ያጠጧቸዋል፣ ሰው ሁሉ እየተነሣ ይታማ ነበር። ሁለቱ ሲስቁ ሕንፃው ይሰማል ይባል ነበር። ጉልበቱ ሲብስ እማማ መሄድ አቆሙ። ቴራፒውን ስጨርስ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ ብለው በስልክ ነገሯቸው።

ባለፈው ቅዳሜ የእትዬ የሺ ልጅ ከታኮማ መጥቶ እናቱን ወሰደ። ሕንፃው በየቀኑ መጥቶ የሚረዳቸው ሰው ከሌለ ከዚህ በላይ ልንጠብቃቸው አንችልም ብሎታል። እማማ የተሰናበቷቸው በስልክ ነው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ብዙ ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው፣ «‹ሁለት ብሎክ እኮ ነው ሮማን› አለችኝ» አሉ። ኖላዊት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሰማች። ስልኳን እያየች ሰማች።

ሪሊ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ሊን በመጀመሪያው ቀን በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንቴ ተነሥተው እንደሚቀመጡ ቆጥራ ነበር፤ አምስት። በስድስተኛው ሳምንት ስትቆጥር አራት። የጭናቸውን ዙሪያ በሜትር ለካች፤ ቀንሷል። ወረቀቱን አየች፤ ሙሉ ነው። እንግዲህ ምን ታድርግ። በሚቀጥለው ሐሙስ ለውጥ ከሌለ ቴራፒው አልጠቀማቸውም ብዬ ለሐኪሙ እጽፋለሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የቀዶ ጥገና ወሬ ነው፣ አለች። ቀዶ ጥገና የሚለውን ኖላዊት ሳታሳጥር ተረጎመችው። እማማ ቢላ እንደሚፈሩ ታውቃለች።

የዚያን ቀን ማታ እናቷ ፀዲ ከመጋዘን ሥራዋ ስትገባ ወሬውን ሰማች። ጫማዋን እያወለቀች፣ ድካም ባለው ድምፅ፣ «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ትሠሪዋለሽ?» አለች።

እማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አንቺም?»

«አልተቆጣሁም እኮ። ኖሊ፣ አንቺ አይደለሽ ምልክት የምታደርጊው? ትሠራዋለች አይደል?»

እዚህ ላይ ልጅቷ መናገር ነበረባት። በሩ ሰፊ ነበር፤ እናቷ ራሷ ነበረች የከፈተችላት። ኖላዊት የሳህኗን ጠርዝ በጣቷ ዞረችው።

«እኔ እንጃ» አለች። «ሁልጊዜ አላያቸውም።»

እማማ ሮማነወርቅ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሴት፣ ለጎረቤት ውሻ እንኳ መልስ የማያጡ ሴት፣ የልጅ ልጃቸውን አዩዋት ብቻ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡና፣ ምርኩዛቸውን ትተው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ሾርባቸው እንደተቀዳ ቀረ። ኖላዊት ሁልጊዜ ሲያጉረመርሙባት ትሰለች ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን አንዴ ቢሰድቡኝ ብላ ተመኘች። አልሰደቧትም። «ደህና አደርሽ» አሏት በየጠዋቱ፣ እንደ እንግዳ።

ለናርዶስ በትምህርት ቤት ነገረቻት። ናርዶስ ትንሽ አሰበችና «ሶ አትንገሪያታ። ሐሙስ ያበቃል አይደል?» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ሐሙስ ካበቃ ማንም አያውቅም። ሊን ትጽፋለች፣ ወረቀቱ ይጣላል፣ አለቀ። ኖላዊት ለአንድ ቀን ያህል በዚህ ቀለል አላት። በማግስቱ ግን ከልምምድ ስትመለስ እማማ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ዳገቱን ሲያዩ አገኘቻቸው። ሰዓቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። የሚሄዱበት ሰው እዚያ እንደሌለ እያወቁ ነጠላቸውን ለብሰው ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። እማማ ቀሚሳቸውን ቀይረው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ገቡ። ሊን ወንበሩን ስታስተካክል እጃቸውን አነሡ፤ ቆይ፣ መጀመሪያ የምናገረው አለኝ ማለት ነው። ወደ ኖላዊት ሳይዞሩ፣ ሊንን ዓይን ዓይኗን እያዩ ተናገሩ።

«ንገሪያት። እኔ ሮማነወርቅ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ጠዋት ሠርቻለሁ፣ ማታ ሠርቻለሁ። አሥር ሥሪ፣ ካመመሽ ግን ተይው አልሽኝ፤ ሁለቴ ስሠራ ያምመኛል፣ ተውኩት። ቃልሽን ጠበቅሁ። ካልዳንኩ ቃልሽ ነው ያላዳነኝ እንጂ እኔ ሰነፍ ሆኜ አይደለም። ይህን በያትና ትጻፍ፤ የፈለገችውን ትጻፍ።»

ሊን ወደ ኖላዊት ተመለከተች፤ እየጠበቀች ነው። ማሳጠር ቀላል ነበር። አያቴ ሞክሬያለሁ ትላለች ብትል ያልቃል። አፏ ልማዱን ያውቀዋል። በአንድ አፍ ሁለት ሰው መሸጥ ለካ እንዲህ ይቀላል።

ኖላዊት ቃል በቃል ተረጎመችው። ሰነፍ የሚለውንም፣ ቃልሽ ነው ያላዳነኝ የሚለውንም።

ሊን ግራ ተጋባች። እኔ እንዲህ አላልኩም፣ ያልኩት ተቃራኒውን ነው አለች።

«አውቃለሁ» አለች ኖላዊት በእንግሊዝኛ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ወረቀቱንም የሞላሁት እኔ ነኝ። ስቸኩል ነበር።»

ሊን አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ቀስ ብላ፣ ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነው የምትነግሪያቸው አለች።

ኖላዊት ወደ አያቷ ዞረች። እማማ ከፊቷ አንድ ነገር አንብበው ነበር፤ ፊደል ባይቆጥሩም ፊት ያነባሉ። ልጅቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ነገረቻቸው። ናርዶስን፣ ስልኩን፣ ሊን ያለችውን፣ ራሷ ያለችውን፣ በሦስተኛው ሳምንት በበሩ ስንጥቅ ያየችውን፣ ማታ ለእናቷ እኔ እንጃ ማለቷን። አማርኛዋ በየመሀሉ እየጠፋት፣ እያነሣች እየጣለች ነገረቻቸው። ስትጨርስ «ይቅርታ» አለች። ቃሉ ሲወጣ ትንሽ ሆኖ ታያት።

እማማ ቀኝ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ እንደ ሕፃን ራስ እየዳበሱት ቆዩ።

«ያን ስልክ ታምጣው» አሉ በመጨረሻ።

«እማማ፣ እኔ አሁን በትክክል...»

«ታምጣው አልኩ። ባዳ ቢያማኝ ያማኛል። የነገሩትን ግን ይናገራል።»

ሊን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። የአንዲት ሴት ድምፅ በጠራ አማርኛ ሰላምታ ሰጠ። እማማ መጀመሪያ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት፤ ሴትዮዋ ሳቅ ብላ ይህን ለመናገር አልተፈቀደልኝም እናቴ አለቻቸው። «ይሁን፣ ደግ ነው» አሉ እማማ። ሊን የላስቲኩን ጉልበት እንደገና አነሣች። እንደገና አምስት ደቂቃ ተናገረች፤ ድምፁም አንዲት ሳይጥል አምስት ደቂቃ ተናገረ። ኖላዊት ጥግ ላይ ካለው ወንበር፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የራሷ የነበረ ሥራ በሌላ ሰው ሲሠራ አዳመጠች። እስከ አራት ድረስ ይቀጥሉ ሲባል እማማ «እ!» አሉ። በማግስቱ ካልረገበ ይቀንሳሉ እንጂ አይተዉም ሲባል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ ሠሩ። ፎጣው ከጉልበታቸው ሥር ሆነ። ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ሊን ስንት ነው አለች፣ «ሦስት» አሉ። ስድስተኛው ላይ «አራት፣ እናንተ ሰዎች» አሉ። አሥሩን ሲጨርሱ ግንባራቸው ረጥቦ ነበር። ሊን ለሐኪሙ የምጽፈው አምስት፣ ስድስት ሳምንት ይጨመርልን ብዬ ነው አለች፤ ይፈቀድ ይሆናል፣ ላይፈቀድም ይችላል፣ እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ እንዲሠሩት። አዲስ ወረቀት ሰጠች። እማማ ተቀብለው አጣጥፈው በራሳቸው ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ለኖላዊት አልሰጧትም።

አውቶቡሱ መጣ፣ ዝቅ አለ፣ እማማ ወጡ። ኖላዊት ብብታቸውን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ አልከለከሏትም፤ አልተደገፏትምም። ሦስት ፌርማታ ያህል ሄዱ። ከሕንፃዎቹ መሀል የዳገቱ ጫፍ ሲታይ እማማ አንገታቸውን አዞሩ፤ የእትዬ የሺ መስኮት መጋረጃው ወርዷል፣ ባዶ ነው።

«ቅዳሜ ምን አለሽ?» አሉ።

ናርዶስ ማለዳውን ቴክስት አድርጋላት ነበር። ቅዳሜ አራት ሰዓት የመጀመሪያው ጨዋታ ነው፤ አሰልጣኟ ከመጀመሪያው ታሰልፊያለሽ ብላታለች። ኖላዊት ምንም የለኝም ልትል ከጅሏት ነበር። ይቀላል፤ እማማም ደስ ይላቸው ይሆናል።

«ጨዋታ አለኝ» አለች። «ከጨዋታው እቀራለሁ። አሁን ለኮቿ እጽፍላታለሁ።» ስልኳን አወጣች፣ እያዩዋት ጻፈች፣ ላከች፣ መልሳ ኪሷ ከተተችው። ኪሷ ውስጥ ሲርገበገብ አላየችውም።

እማማ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ያያሉ።

«ታኮማ ትወስጂኛለሽ» አሉ። «የሺ ፊት ወንበር ስበሽ ትቀመጫለሽ። ጉልበቴ ለምን ሁለት ብሎክ እንዳልቻለ አንቺ በራስሽ አፍ ትነግሪያታለሽ። ቴራፒስቷ ያለችውን፣ አንቺ ያልሽውን፣ እናትሽ ስትጠይቅሽም ያልሽውን። ከላይ እስከ ታች። እንዳታሳጥሪው።»